ሚዛኑ የማያነበው እድገት

በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ደጃፍ የምንውል እናቶች ቀኑን የምንቆጥረው በግራም ነበር። ጠዋት ጠዋት ተረኛዋ ሲስተር ልጆቻችንን ተራ በተራ ከማሞቂያው እያወጣች፣ ዳይፐራቸውን ፈትታ፣ ቱቦውና ገመዱ ክብደት እንዳይጨምር በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ስትመዝናቸው፣ ከመስታወቱ ወዲህ የሁላችንም አንገት ይሰግጋል። ሃያ ግራም የጨመረላት እናት ቀኑን ሙሉ ፊቷ ይፈካል፤ የቀነሰባት ደግሞ ያለበችውን ወተት ወደ ብርሃን እያነሳች ቀጥኖ እንደሆነ ትመረምራለች። "የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፤ የማያድገው የስምንት ወሩ ነው" እያሉ የሚያጽናኑ ጠያቂዎችም አይጠፉም። አባባሉ ስንቱን እናት እንዳጽናና አላውቅም፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ በማኅፀን ውስጥ የሚያልፍ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሳምንት የልጁን ዕድል ያሰፋል።

ልጄ የተወለደችው በ30ኛው ሳምንት ነው። ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ከሩብ እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእሱም ላይ ቀነሰች። ይህ ሕፃናት ሁሉ የሚያልፉበት ነውና እንዳልደነግጥ ተነግሮኝ ነበር። ያልጠበቅሁት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። በአፍንጫዋ በገባው ቀጭን ቱቦ በሲሪንጅ የሚንቆረቆርላት ወተት ከሁለት ሚሊ ሊትር ተነሥቶ ቀስ በቀስ እየጨመረ ሄደ፤ ሚዛኑ ግን ባለበት ቆመ። ወተቱ ይገባል፣ ትፈጨዋለች፣ ዳይፐሯ ይረጥባል፤ ልጅቷ ግን ያው ናት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሚዛኑ በአንዴ 90 ግራም ጨምሮ ተገኘ። ከጎኔ የነበረችው እናት እልል ልትል አፏን ስትከፍት ሲስተሯ በዓይኗ ከለከለቻት። እኔ ስልኬን አውጥቼ ለባለቤቴ ደወልሁ። የክፍሉ ሐኪም ለዙር ሲመጡ ቁጥሩን ከመዝገቡ ላይ አንብበው ምንም አልተናገሩም፤ እጃቸውን በአልኮል አሽተው በማሞቂያው መስኮት አስገቡና በሌባ ጣታቸው የልጄን ቅልጥም ፊት ለፊት ቀስ አድርገው ተጫኑት። ጣታቸውን ሲያነሱ የተጫኑት ቦታ ወዲያው አልሞላም፤ የምስር ፍሬ የምታህል ጉድጓድ ለጥቂት ጊዜ እዚያው ቆየች። "እናት፣ ይህ የተቋጠረ ውሃ ነው" አሉኝ። "እሷ ገና ማደግ አልጀመረችም። ምግቡ አለ፤ እደጊ የሚላት ነገር ነው ያነሰው።" ዙሩ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

ዘጠና ግራሙ በሁለት ቀን ውስጥ በሽንት ወጥቶ አለቀ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን ከእኔ ጋር ቀረች። እኔ ያደግሁት ልጅ የሚያድገው በሚበላው ነው በሚባልበት ቤት ነው፤ ከሳ ከተባለ ይጨመርለታል፣ ወፈረ ከተባለ "ምን እያበላሽው ነው?" ተብሎ ይጠየቃል። "እደጊ የሚላት" ማን ነው? ከምግቡ ሌላ፣ ምግቡን ወደ ሥጋና አጥንት የሚለውጠው ትእዛዝ ከየት ነው የሚመጣው? ልጄ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላም ጥያቄው ስላልለቀቀኝ ሐኪሞችን እየጠየቅሁ፣ የምችለውን ያህል እያነበብሁ ቆየሁ። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ የቀረልኝ ነው።

ከእንግዴ ልጁ ጋር የተቋረጠው

ስለ እንግዴ ልጅ ስናስብ ብዙውን ጊዜ የሚታየን ምግብና ኦክስጅን የሚያሳልፍ መንገድ ነው። ነገር ግን እንግዴ ልጅ ራሱ ትልቅ የሆርሞን ማምረቻም ነው፤ ከመውለጃው ቀን አሥር ሳምንት ቀድሞ ሲቋረጥ ልጁ የሚያጣው ስንቁን ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ያስገረመኝ ነገር በማኅፀን ውስጥ ያለ ጽንስ የሚያድገው እኛ "የእድገት ሆርሞን" በምንለው፣ ከአንጎል ሥር ካለችው ከፒቱታሪ እጢ በሚመነጨው ሆርሞን አለመሆኑ ነው። ይህ ሆርሞን ጨርሶ የሌላቸው ልጆች እንኳ ሲወለዱ ርዝመታቸው ከሌላው ብዙም አይለይም፤ መቀጨጫቸው የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። በማኅፀን ውስጥ የእድገቱን ሥራ በዋነኛነት የሚመሩት ኢንሱሊንና ኢንሱሊንን የሚመስሉ ሁለት የእድገት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ሐኪሞች አይጂኤፍ-1 እና አይጂኤፍ-2 ይሏቸዋል። ኢንሱሊን ሕፃን እንደሚያሳድግ በአገራችንም ብዙ ሰው ሳያውቀው ያየዋል። ስኳሯን ያልተቆጣጠረች ነፍሰ ጡር ግዙፍ ልጅ የምትወልደው፣ የእሷ ስኳር በእንግዴ ልጁ አልፎ የጽንሱን ቆሽት ብዙ ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚያደርገው ነው፤ የእናትየው ኢንሱሊን ራሱ አያልፍም። በተቃራኒው ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት የማይችል ጽንስ እናቱ ምንም ያህል ብትመገብ ኮስሶ ይወለዳል። ጎተራው እህል ቢሞላም ፈጪና ጋጋሪ ከሌለ እንጀራ አይሆንምና።

አይጂኤፍ-1 በጽንሱ ደም ውስጥ ከፍ እያለ የሚሄደው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ጽንሱ በፍጥነት የሚረዝምበት፣ አንጎሉ የሚታጠፍበት፣ ስብ የሚይዝበት ወቅት ማለት ነው። ልጄ በተወለደችበት ሳምንት መጠኑ ገና ሽቅብ መውጣት ነበረበት። ያለጊዜያቸው በሚወለዱ ሕፃናት የሚሆነው ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከተወለዱ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ በደማቸው ያለው አይጂኤፍ-1 ያሽቆለቁላል፣ ለሳምንታትም ዝቅ ብሎ ይቆያል። በጣም ቀድመው በተወለዱት ደግሞ ማሽቆልቆሉ የባሰ፣ ዝቅታውም የረዘመ ነው።

የእድገት ሆርሞኑስ የት ሄደ? አለ፤ እንዲያውም በእነዚህ ሕፃናት ደም ውስጥ ብዙ ነው። ነገር ግን መልእክቱን ተቀብሎ አይጂኤፍ-1 ማምረት የሚገባው ጉበት ተቀባዮቹ ገና ጥቂት ናቸው። አዛዡ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ታዛዡ ገና ጆሮ አላበቀለም። ይህን ሳነብ ያ የሐኪሙ ዓረፍተ ነገር ግማሽ መልሱን ያገኘ መሰለኝ። ሌላው ግማሽ ደግሞ ጉበቱን የሚያነቃው ምን እንደሆነ ነው፤ እሱም በቂ ፕሮቲንና ጉልበት፣ ከዚያም ያለ ኢንፌክሽን ማለፍ ነው። ትንሽ የደም መመረዝ ወይም የሳንባ ምች ሲመጣ ሰውነት አይጂኤፍ-1ን ዝቅ ያደርጋል፤ ለጦርነት ሲዘጋጅ ግንባታውን ያቆማል። ስለዚህ የነርሷ እጅ መታጠብ፣ ሽንት ጨርቅ የሚለወጥበት ጥንቃቄ፣ የቱቦው ንጽሕና ሁሉ ከእድገት ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው። የእድገት መርሐ ግብር የሚባል ነገር ካለ፣ በሚዛኑ ሳይሆን በእጅ መታጠቢያው ገንዳ ላይ ቢለጠፍ እመርጣለሁ።

ስለ 90 ግራሙም ያን ጊዜ ገባኝ። ሐኪሞች ከእነዚህ ሕፃናት የሚጠብቁት ጭማሪ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 20 ግራም ያህል ነው፤ በማኅፀን ቢቆዩ የሚያድጉበትን ፍጥነት የተከተለ ግምት ነው። ለልጄ ይህ በቀን ከሃያ ጥቂት ከፍና ዝቅ የሚል ነበር። በአንድ ሌሊት ዘጠና ግራም ሥጋ የሚሠራ ሰውነት የለም። ርዝመቷና የጭንቅላቷ ዙሪያ በዚያ ሳምንት ምንም ለውጥ አልነበራቸውም፤ ውሃ አጥንት አያስረዝምም፣ አንጎልም አያሳድግም።

ማብሰልና ማሳደግ

ከመውለዴ በፊት በነበረው ሌሊት ጭኔ ላይ መርፌ ወግተውኝ ነበር፤ ከሰዓታት በኋላ ደገሙኝ። "ለልጁ ሳንባ ነው" ከማለት በቀር ማብራሪያ ለመስጠት ጊዜ አልነበራቸውም። ዴክሳሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ ነው፤ ሰውነት ራሱ ከኩላሊት በላይ ካለችው እጢ የሚያመነጨውን ኮርቲዞልን ይተካል።

የዚህ መድኃኒት ታሪክ የሚጀምረው ከበግ ግልገል ነው። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ከተማ ግራሃም (ሞንት) ሊጊንስ የተባሉ ሐኪም ምጥ በምን እንደሚጀመር ለማወቅ በበግ ጽንስ ላይ ስቴሮይድ ሲሞክሩ፣ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ፣ በሳንባው አለመብሰል ሊሞት ይገባው የነበረ ግልገል ሲተነፍስ አገኙት። ከባልደረባቸው ከሮስ ሃዊ ጋር በሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናት በ1972 እ.ኤ.አ. ታተመ። ዛሬ ይህ መርፌ በዓለም ዙሪያ ይሰጣል። የአገራችን ጉዳይ ለምን እንደሚያስፈልገን ይናገራል፤ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ወደ ሕክምና ክፍል ከገቡት ያለጊዜያቸው ከተወለዱ ሕፃናት መካከል 29 በመቶው በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል፤ ከሟቾቹ 45 በመቶ ያህሉን የገደለው ደግሞ የሳንባ አለመብሰል የሚያመጣው የመተንፈስ ችግር ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሆርሞን ሁለት ፊት አለው፤ እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው። ኮርቲዞል የሚያበስል እንጂ የሚያሳድግ ሆርሞን አይደለም። በተፈጥሮ በእርግዝናው መጨረሻ ከፍ ሲል ለጽንሱ "በቃ፣ ለመውጣት ተዘጋጅ" ይለዋል፤ ሳንባው፣ ጉበቱ፣ አንጀቱ ለውጪው ዓለም ይሰናዳሉ፤ በምትኩ የእድገቱ ፍጥነት ይቀንሳል። እንግዴ ልጅም የእናቲቱን ኮርቲዞል አብዛኛውን የሚሰብር ኢንዛይም አለው፤ ልጁ ቀኑ ሳይደርስ እንዳይበስል ጥበቃ ነው። መርፌው ይህን ጥበቃ አልፎ እንዲገባ ሆኖ የተመረጠ ነው። እናቲቱ ሳትወልድ ቀርታ መርፌው ደጋግሞ ሲሰጣት የሚወለዱት ልጆች በክብደትም፣ በርዝመትም፣ በጭንቅላት ዙሪያም ያነሱ ሆነው መገኘታቸው ለዚህ ነው። አንዴ በትክክለኛው ሰዓት ሲሰጥ ነፍስ ያድናል፤ ሲበዛ ግን ከእድገት ላይ ይቀንሳል።

ቦታና ሁኔታም ይወስናል። እርግዝናው ስንት ሳምንት እንደሆነ በማይታወቅበት፣ ከተወለደም በኋላ የሚቀበለው የሕክምና ክፍል በሌለበት አካባቢ መርፌውን በስፋት የሰጠ፣ በስድስት አገሮች የተካሄደና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጥቅም አላገኘም፤ እንዲያውም የጨቅላ ሞት ጨምሮ አገኘ። አምስት ዓመት ቆይቶ በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ሆስፒታሎች ውስጥ፣ በአልትራሳውንድ ሳምንቱ ተለይቶ ሲሰጥ ግን ሞትን ቀነሰ። መድኃኒቱ ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው ሳምንቱን ማወቅና የሚቀበል እጅ መኖሩ ነው። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" የሚለው ተረት ለሆርሞንም የሚሠራ ሆኖ አገኘሁት።

ደረት ላይ

ልጄ መተንፈሷ ሲረጋጋ ሲስተሯ ጋቢዬን አስወልቃ፣ የልጅቷን ልብስ ከኮፍያዋና ከዳይፐሯ በቀር አውጥታ በሁለቱ ጡቶቼ መካከል በቁመቷ አስቀመጠችልኝና በሰፊ ጨርቅ ጠፍራ አሰረችን። እግሯ እንደ እንቁራሪት ታጥፎ፣ ጭንቅላቷ ወደ አንድ ጎን ዞሮ፣ ጆሮዋ ልቤ ላይ ነበር። ያን ቀን ማታ ያለብሁት ወተት ከወትሮው በዛ።

ይህ አሠራር በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ቦጎታ ማሞቂያ ሲያጥርና ሁለት ሦስት ሕፃን በአንድ ላይ ሲተኛ ዶክተር ኤድጋር ሬይ የጀመሩት ነው። በእኛም አገር ብዙ ሰው ከሚያስበው ቀድሞ ተፈትኗል፤ ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ ባደረጉት፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ገና ከመጀመሪያው በእናት ደረት ላይ የተደረጉት ዝቅተኛ ክብደት ያላቸው ሕፃናት ከሌሎቹ ይልቅ በሕይወት ተርፈዋል። ለረጅም ጊዜ ግን ሥራው "መጀመሪያ ልጁ ይረጋጋ" እየተባለ ሲዘገይ ቆየ። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሳይረጋጉ ወዲያው ከእናታቸው ደረት ጋር የተገናኙት ሕፃናት ሞት በ25 በመቶ መቀነሱን ካሳየ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ምክሩን ቀይሮ ከተወለዱ ጀምሮ እንዲጀመር አለ።

ይህ ከሆርሞን ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ ስጠይቅ የተረዳሁት እንዲህ ነው። ቆዳ ለቆዳ ሲነካካ በእናቲቱ ኦክሲቶሲን ይፈስሳል፤ ወተቱን የሚያወርደው እሱ ነው። የእኔ ወተት የበዛው በአብሹ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ እናቴ ግን ይህን አትቀበልም። በልጅቷ በኩል ደግሞ በብርድና በጭንቀት የሚነሣው ኮርቲዞል ይበርዳል፤ ራሷን ለማሞቅ ታቃጥለው የነበረው ጉልበት ይተርፋል፤ የእኔ ቆዳ ላይ ያሉትን ጀርሞች ቀድማ ተዋውቃ ከሆስፒታሉ ጀርሞች ትጠበቃለች። ከላይ ጉበቱን የሚያነቃው በቂ ጉልበትና ከኢንፌክሽን መራቅ ነው ብዬ ነበር፤ ደረት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ወተቱም ቢሆን ምግብ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ኢንሱሊን፣ አይጂኤፍ-1፣ ሌፕቲን የሚባለውን የጥጋብ ሆርሞንም ይዟል፤ ቀኑ ሳይደርስ የወለደች እናት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምታልበው ወተት ደግሞ ቀኗን ጠብቃ ከወለደችው ይልቅ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ነው።

ባለቤቴም ተራ ይገባ ነበር። መጀመሪያ "ወንድ ልጅ ደረት ላይ ምን ይሆናል?" ብለው የሳቁ ጠያቂዎች ነበሩ። እሱ ወተት ባይኖረውም ሙቀቱ አይተናነስም፤ እኔ ሁለት ሰዓት ተኝቼ ስነሣ ልጄ በደረቱ ላይ ሰላም ትንፋሽ እየወሰደች አገኛት ነበር።

ዓይንና እንቅርት

የዓይን ሐኪሟ ልጄን ከማየታቸው በፊት የጠየቁኝ "በየሳምንቱ ስንት ጨመረች?" ብለው ነው። ጥያቄው ከዓይን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ያን ጊዜ አልገባኝም።

የዓይን ጀርባ የደም ሥሮች ወደ ዳር ዳሩ ተዘርግተው የሚያልቁት በእርግዝናው መጨረሻ አካባቢ ነው። ቀድሞ በተወለደ ልጅ መዘርጋታቸው ይቆማል፤ በኋላ ደግሞ ሬቲናው፣ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ጀርባ ሽፋን፣ ኦክስጅን ሲያጥረው በተሳሳተ መንገድ ያለ ልክ ይበቅላሉ፤ ካልታከመ ዓይንን ያጠፋል። ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ ሁሉ የኦክስጅን መብዛት እንደሆነ ይታሰብ ነበር፤ እሱም ድርሻ አለው። በቦስተን ሎይስ ስሚዝ፣ በስዊድን ጎተንበርግ ደግሞ አን ሄልስትሮም ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳዩት ግን የደም ሥሮቹ እንዲያድጉ አይጂኤፍ-1 እንደሚያስፈልግ፣ መጠኑ ዝቅ ብሎ የቆየባቸው ሕፃናትም ይበልጥ ለዚህ የዓይን በሽታ እንደሚጋለጡ ነው። ክብደት በዝግታ መጨመሩ የዚያ ዝቅታ የሩቅ ምልክት ስለሆነ፣ በስዊድን የየሳምንቱን ክብደት ብቻ አይቶ የትኛው ልጅ ዓይኑ እንደሚያሰጋ የሚገምት ዘዴ ተሠራ። ሐኪሟ የጠየቁኝ ስለ ዓይኗ ነበር ማለት ነው፤ በሚዛን ቋንቋ።

እንግዲያው አይጂኤፍ-1ን በመርፌ አንሰጣትም ወይ? ይህንን እኔ ብቻ አይደለም የጠየቅሁት፤ ተሞክሯል። በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ሙከራ ሆርሞኑን ከተሸካሚ ፕሮቲኑ ጋር በደም ሥር ለሳምንታት አንቆርቁሮ የዓይን በሽታውን ሊቀንስ አልቻለም፤ ከባድ የሳንባ በሽታ ግን ያነሰ ሆኖ ታይቷል። እንግዴ ልጅ ሲሠራው የነበረውን አንድ ጠርሙስ አይተካውም።

የእንቅርት እጢም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ጽንሱ እስከሚወለድ ድረስ ከእናቱ የታይሮይድ ሆርሞን ይደርሰዋል፤ ቀድሞ ሲወለድ ይህ ይቋረጣል፣ የራሱ እጢ ደግሞ ገና አልበረታም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆርሞኑ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ለሁሉም ይሰጥ ተብሎ ሲሞከር ግልጽ ጥቅም አልታየም። አስቸጋሪው እውነተኛውን የእጢ ድክመት ከዚህ ጊዜያዊ ዝቅታ መለየት ነው፤ ምክንያቱም ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ሆርሞን በእነዚህ ሕፃናት ዘግይቶ ነው የሚነሣው። ለዚህ ነው ከተረከዝ የሚወሰደው ደም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንዲደገም የሚመከረው። በእኛ አገር ይህ ምርመራ ለሁሉም ልጅ የሚደረግ አይደለምና፣ ያለጊዜዋ የተወለደች ልጅ ያላት እናት ራሷ ብትጠይቅ አይበዛም።

ቤት ከገባን በኋላ

እናቴ ልጄን ታቅፋ ያለችው የመጀመሪያ ነገር "ምነው እንዲህ ከሳችብኝ?" ነው። ለጋ ቅቤ ልታስውጣት ፈልጋ ነበር፤ ጨቅላ ሳንባ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ስነግራት ተወችው፤ "ልጅ በዕድሉ ያድጋል" ብላ። ደግነቷን አልወቅስም፤ ጠብ እርግፍ ያለችልኝ እሷ ናት። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ልጄን ለማወፈር የነበረው ጥድፊያ እኔንም ያሳስበኝ ጀምሮ ነበር።

ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የመውለጃቸው ቀን ሲደርስ ተለክተው ቀኑን ጠብቀው ከተወለዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከሰውነታቸው ውስጥ የስቡ ድርሻ ከፍ፣ የጡንቻና የሌላው ሥጋ ደግሞ ዝቅ ያለ ሆኖ ይገኛል። ከኦክላንድ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ቀድመው የተወለዱ ልጆች ለትምህርት በሚደርሱበት ዕድሜ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ደካማ መሆኑን አሳይቷል፤ ይህ በጉልምስና ለስኳር በሽታ ሊያጋልጥ የሚችል ነገር ነው። እንግዲህ ያን ያህል የጓጓንለት ጭማሪ ከየት መጣ፣ ወደ የትስ ሄደ የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ይህን አንብቦ ለልጁ ምግብ የሚቀንስ ሰው እንዳይኖር እፈራለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቂ ፕሮቲንና ጉልበት ያጣ ጨቅላ አንጎሉ ይጎዳል፤ የዚያ ጉዳት ለኋላ ከሚፈራው ስኳር ይበልጥ ቅርብና ከባድ ነው። እኔ በራሴ የያዝሁት ሚዛን እንዲህ ነው፤ ሆስፒታል ሳለን ሐኪሞቹ ያሉትን ያህል፣ በወተቱ ላይ ማጠናከሪያም ቢጨመር፣ ሳላመነታ፤ ቤት ከገባንና ርዝመቷና ጭንቅላቷ በልኩ መሄድ ከጀመሩ በኋላ ግን ለጉንጯ ብቻ ብዬ ምንም ላለመጨመር።

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የመጡት ዘመዶች "ሦስት ወር ሊሞላት ነው፣ ገና አንገቷ አልጠናም" አሉ። በተስተካከለው ዕድሜዋ ግን ልትወለድ ይገባት ከነበረው ቀን ገና ሁለት ሳምንት አላለፈም። በዚያው ሰሞን ጡቷ ትንሽ አብጦ አየሁና ደነገጥሁ፤ አንዲት አክስቴ መጨመቅ እንዳለበት ስትነግረኝ ስልክ አንስቼ ሐኪሙን ጠየቅሁ። ሁሉም ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከአንጎል ሥር ካለችው እጢ የሚነሣ፣ የጾታ ሆርሞኖችን የሚያንቀሳቅስ ማዕበል ያልፍባቸዋል፤ ቀድመው በተወለዱት ላይ፣ በተለይ በሴቶቹ፣ ይበልጥ ይበረታል፣ ይረዝማልም። ሲጨመቅ ይቆስላል፤ ሲተዉት በራሱ ይጠፋል። ጠፋ።

ሁለት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ዕድሜዋ በሁለት መንገድ ተጻፈ። ከክትትሉ በአንዱ ቀን ሐኪሙ ሁለት የእድገት ሰንጠረዦች ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ። ፌንተን የሚባለው ልጁን ከማኅፀን ሳይወጣ ቢቆይ ሊደርስበት ከሚችለው ጋር ያነጻጽራል፤ ኢንተርግሮውዝ-21 የሚባለው ደግሞ ያለጊዜያቸው ተወልደው ጤናማ ሆነው ካደጉ ሕፃናት ጋር። በመጀመሪያው ላይ ልጄ ከታች ካለው መስመር ሥር ነበረች፤ በሁለተኛው ላይ በመሐሉ አካባቢ። የትኛው ይታመን ብዬ ስጠይቃቸው "ሁለቱንም ተይና ካርዱን አሳዪኝ" አሉ። ካርዷ ላይ የክብደቱ ረድፍ ከታች እስከ ላይ ተሞልቷል፤ የርዝመቱና የጭንቅላቱ ዙሪያ ረድፍ ግን ከሆስፒታል ከወጣን ጀምሮ በአብዛኛው ባዶ ነበር። ሜትር አውጥተው ሁለቱን በዚያው ለክተው ጻፉ፤ በሚቀጥለው ወርም ከሚዛኑ በፊት እነሱን እንዳስለካ አዘዙኝ።